ኦቦ ቶሎሳ በር ላይ የቆሙ ለት

በእኛ ጊዜ ሽማግሌ የሚባለው ሰው ዋና ሥራው መቆም ነበር። ሳቁ እናንተ፣ ሳቁ። አንተ ደግሞ ውሃውን ዝጋው፣ መኪናዋ ታጥባ አልቃለች እኮ፣ ቀለሟን ልታወርድላት ነው እንዴ? ዝጋውና ና ተቀመጥ፣ ጨዋታ በላቫጆ ጩኸት አይሆንም። እና ምን እያልኩ ነበር፣ መቆም። ልጅ ልትጠይቅ ትሄዳለህ፣ የልጅቷ አባት «ግቡ» ይልሃል፣ አትገባም። «ተቀመጡ» ይልሃል፣ አትቀመጥም። «የመጣንበትን ሳትሰማን አንቀመጥም» ብለህ ደጁ ላይ እንደ ስልክ እንጨት ትተከላለህ። እሱም ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ፣ ማን ቀድሞ ይደክማል ነው ነገሩ። የኔን ባለቤት ሊጠይቁ ተጂ የወረዱት ሦስት ሽማግሌዎች፣ ነፍስ ይማር ሦስቱንም፣ ሐምሌ ላይ ነው፣ ዝናቡ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲወርድባቸው ቆሙ። አማቴ በመስኮት እያያቸው ቁርሱን በላ። ምሳውንም በላ። በኋላ አዘነላቸው እንዳትሉ፣ ደጁ ጭቃ ሆነበትና «ኧረ ግቡ፣ ግቢዬን አቦካችሁት!» አለ። እኔ ሚስት ያገኘሁት በዚህ ነው፣ በጭቃ።

ዛሬስ? ዛሬ ሽማግሌው ገና «እንደምን ዋላችሁ» ሳይል ስልኩ ይጮህና «አንዴ ይቅርታ» ብሎ ይወጣል። ሲመለስ ልጅቷ ለሌላ ተሰጥታለች።

ታዲያ ይህን የማወራችሁ በዳዊት ነገር ነው። ዳዊትን ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ፋብሪካ ማሽን ላይ የሚሠራው ረጅሙ። አባቱ ረዳቴ ነበር፣ አይሱዙ ስነዳ። አሥራ አንድ ዓመት ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» እያለኝ ነው እኔ ሾፌር የተባልኩት። እሱ ባይኖር ስንት አጥር አፍርሼ ነበር። ሲሞት እጄን ያዘና «ጋሼ ታደሰ፣ ልጁን» አለኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም፣ አለቀ። እና ልጁን እኔ አሳደግኩት። ልጁ ደግሞ አደገና ምሕረት የምትባል ልጅ ወደደ። ምሕረት እዚያው ፋብሪካ ዕቃ ትፈትሻለች፣ ጎበዝ ናት፣ ዳዊትን የመረጠች ለት ብቻ ነው ፍተሻዋ የተሳሳተው እላታለሁ ሁልጊዜ፣ ትስቃለች።

ችግሩ አባቷ ነው። አቶ ዳና ይባላል፣ የወላይታ ሰው፣ የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነው፣ ቤቱ ቡራዩ ወደ ገፈርሳ መሄጃው ጋ። ጴንጤ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ሳቅ በኮታ የሚሰጠው ይመስላል። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ «ልጄን ከእኛ ማኅበር ውጭ አልሰጥም» አለ፣ አለቀ። ልጆቹ እኮ የሃይማኖቱን ነገር ቁጭ ብለው ተነጋግረው ጨርሰውታል፣ ያልጨረሰው አባትየው ነው። እሺ፣ የመጀመሪያ እምቢታ ወግ ነው፣ አይቆጠርም። ሁለተኛ ሄድን። ሁለተኛው ነው ጉድ የሆነው።

ለሁለተኛው ገብረየስን ይዤ ሄድኩ። ገብረየስን ታውቁታላችሁ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጠው። አፉ ማር ነው፣ ጎንደሬ ነው፣ የአስታራቂ አባት ነው። አንድ ነገር ብቻ አለችው፣ እጁ። ሲቀመጥ ምንም አይልም፣ ብርጭቆ ሲያነሳ ነው እስክስታ የሚመታው። እኛ ለምደነዋል። «ገብረየስ ሻይ ሲያዝ ግማሹ ለሸሚዙ ነው» እንላለን፣ እንስቃለን፣ እሱም ይስቃል። ታዲያ አቶ ዳና ቤት ጁስ ቀረበ። የማንጎ ጁስ፣ ብርጭቆው እስከ አፉ ሞልቶ! «ገብረየስ ተወው» ልለው ስል አነሳው። አነሳውና ሲንቀጠቀጥ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ጁሱ በዚያ በነጩ በዳንቴሉ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ችፍ! አቶ ዳና ጠረጴዛውን አየ፣ ገብረየስን አየ፣ ከዚያ በዝግታ ምን አለ መሰላችሁ፣

«ወንድሜ፣ በጠዋቱ ነው የጀመሩት?»

ስሙልኝ እንግዲህ፣ ገብረየስ መጠጥ ከተወ የዳዊት ዕድሜ ያህል ሆኖታል! ተሳለ፣ ተወ፣ በቃ። ሲናገሩት ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ ተነሳ፣ «በሕይወቴ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም!» ብሎ ወጣ። እኔ ተከተልኩ። ከኋላችን የአቶ ዳና ድምፅ መጣ፣ «ጠጪ ሽማግሌ ላካችሁብኝ! ሦስተኛ ከመጣችሁ የመጨረሻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ልጄ ሶዶ አጎቷ ጋ ትሄዳለች፣ እዚያ የሚጠይቃት ሰው አለ!»

ዳዊት ያን ሳምንት እህል አልቀመሰም። «ምሕረት ምን አለች?» አልኩት። «ያለ አባቴ ምርቃት አላገባህም አለች ጋሼ፣ ደግሞም እውነቷን ነው» አለኝ። አያችሁ፣ በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። የረዳቴ ልጅ፣ አደራዬ፣ በአንድ ብርጭቆ ጁስ ሊበላሽብኝ።

ታዲያ ወሰንኩ። ለሦስተኛው እጁ የማይንቀጠቀጥ ሽማግሌ ፈልጌ እሄዳለሁ። ቀላል መሰለኝ። ቀላል! ሰበታ ስንት ሽማግሌ አለ? በየጥላው ሥር ተደርድሯል። እና አንድ ብርጭቆ ውሃ እስከ አፉ እየሞላሁ ሰው መፈተን ጀመርኩ። አዎ፣ እንደ መንጃ ፈቃድ! ቤት እጠራና «እስቲ ይቺን ያዝልኝ፣ ስልኬን ላንሳ» እላለሁ፣ ከዚያ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ብርጭቆውን አያለሁ።

መጀመሪያ የዕድራችን ዳኛ። ያዘ፣ ተንቀጠቀጠ። «ቁርስ ሳልበላ ነው የመጣሁት» አለ። የቁርስ ሰዓት አልፎ ምሳ ደርሷል። ሁለተኛው ጡረታ የወጣ መምህር። ብርጭቆው ደህና ነው፣ የሌላኛው እጁ አውራ ጣት ግን ጭኑ ላይ ቁጭ ብላ ክኒን የምትፈትል ትመስላለች፣ እንዲህ፣ እንዲህ፣ ዝም ብላ ትፈትላለች። «ምንድን ነው እሱ?» አልኩት። «ምኑ?» አለኝ። «ጣትህ።» ጣቱን አየና እንደ ሌላ ሰው ጣት ገረመው፣ ከዚያ ጋቢው ውስጥ ደበቃት። ሦስተኛው ጭንቅላቱን «አይደለም፣ አይደለም» እያለ የሚነቀንቅ ነው፣ እሱን ይዤ ልሂድና አቶ ዳና «ልጄን ትፈልጓታላችሁ?» ሲል ራሱን እየነቀነቀ ጉድ ይሥራኝ? አራተኛው አገጩ ነው። አምስተኛው ገና ብርጭቆውን ሳላቀብለው «ብርድ ነው» አለ። ሚያዝያ ላይ! ጣሪያው በፀሐይ እየተንጣጣ! ምን አልክ? ሁሉም ወይ? ሁሉም እልሃለሁ! ሁሉም ምክንያት አለው፣ ሁሉም ጋቢ አለው። ለካ ይሄ ጋቢ የሚባለው ነገር ለብርድ አይደለም የተሠራው። አርባ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ፣ ዕድር ስንበላ፣ ለቅሶ ስንቀመጥ፣ አንዱም ስለሌላው አያውቅም። እያንዳንዱ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ የምንቀጠቀጠው ብሎ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ስድስተኛው ኦቦ ቶሎሳ ነው። ቶሎሳ ጓደኛዬ ነው፣ ኦቦ የምለው እናንተ ፊት ስለሆነ ነው። ተጂ እህል ስጭን ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ጤፉን በዓይኑ የሚመዝን ሰው ነው። «ቶሎሳ፣ ይቺን ያዝልኝ» አልኩት። ያዘ። አንዲት ጠብታ የለችም! ቀኝ እጁ፣ ግራ እጁ፣ ዓለት ነው። «ምነው ውሃህን በየእጄ የምታዞረው?» አለኝ። አቅፌ ሳምኩት። መጠጥ አይወድም፣ ንግግር ያውቃል፣ ከዚህ በላይ ምን አለ?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ሁለት ነገር አይቼ ነበር። አካሄዱ ጠቦ ነበር፣ ወለሉን በጫማው የሚወለውል ይመስል ነበር። ፊቱም ሳቅ አይሳቅበት፣ ቁጣ አይቆጣበት፣ የመታወቂያ ፎቶ ሆኗል። ደግሞ በየሰው በር ሲደርስ ቆሞ መመረቅ ጀምሯል። «ቤቱን ዋቃ ይባርክ፣ ከብቱን ይባርክ፣ መሶቡን ይባርክ» እያለ፣ ከብት የሌለበት ኮንደሚኒየም በር ላይ ሳይቀር! እኛ ምን አልን? «ቶሎሳ እርጅናው ወደ ጽድቅ ወሰደው» አልን። እኔ ደግሞ ለሽምግልና እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አሮጌዋን ኮሮላዬን አስነስቼ ቶሎሳን ከጎኔ አስቀምጬ ልወጣ ስል ገብረየስ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «እመጣለሁ» አለ። «ገብረየስ፣ በእግዚአብሔር» አልኩት። «ስሜ እዚያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈሶ ቀርቷል፣ ሳላነሳው አልቀርም» ብሎ ከኋላ ገባ። ሁለት እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ እስከ ክርኑ ቀብሯቸዋል። «እንዳታወጣቸው» አልኩት። «አላወጣም።» «ጁስ ቢመጣ?» «ጾም ነኝ እላለሁ።» «ጾም አይደለም እኮ አሁን!» «እነሱ በምን ያውቃሉ!» አለኝ።

ቡራዩ ደረስን። አቶ ዳና በሩን ከፍቶ ሳሎኑ መሀል ቆሟል፣ ክራቫት አስሯል፣ ፊቱ እንደዚያው። ጥግ ላይ ወንበር ላይ ባልቴት እናቱ ተቀምጠዋል፣ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው። ሴቶቹ ጓዳ ናቸው። ቶሎሳ ፊት፣ እኔ መሀል፣ ገብረየስ ከነኪሱ ኋላ።

«ግቡ» አለ አቶ ዳና።

ቶሎሳ በሩ ላይ ደረሰና ቆመ። መረቀ፣ «ዋቃ ቤታችሁን ይባርክ» ምናምን አለ፣ ጨረሰ። አሁን ይገባል ብዬ ስጠብቅ እንደገና መረቀ። ጨረሰ። ቆመ።

«ግቡ እንጂ፣ ኦቦ» አለ አቶ ዳና።

ቶሎሳ ወደ እኔ ዘወር ሳይል በከንፈሩ፣ «ታደሰ፣ ሚሊ ኮ ነ ዲዴ» አለኝ። እግሬ እምቢ አለኝ ማለቱ ነው። እኔ ምን መሰለኝ? አይ ቶሎሳ! አልኩ። አይ የድሮ ሰው! የጥንቱን ሽምግልና ሊያሳያቸው ነው! እግሬ እምቢ አለ፣ ልጅቷን ሳትሰጠኝ አልረግጥም፣ በሉ ስሙት! ደረቴን ነፋሁና ከኋላው ተተከልኩ።

አቶ ዳናም ሽምግልና ያውቃል፣ ሰውዬው ገባው። ማለት፣ እንደኔ ነው የገባው። ቶሎሳን አየው። ቶሎሳ ዓይኑን እንኳን አያርገበግብም፣ ፊቱ ድንጋይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ላብ ወርዷል፣ ላቡንም አይጠርግም። አስፈሪ ነው እኮ! እኔ ብሆን ሚስቴን ጨምሬ እሰጠው ነበር።

«እሺ፣» አለ አቶ ዳና፣ «ባለፈው በተናገርኩት ተቀይማችሁ ነው። ተሳስቻለሁ፣ እንግዳዬን እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። አቶ ገብረየስ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። አሁን ግቡ።»

ገብረየስ ከኋላ በጉልበቱ ጎሰመኝ። «በቃ ግባ በለው፣ ይቅርታ ጠይቋል!» «ዝም በል፣» አልኩት፣ «ሰውዬው ሥራ ላይ ነው።»

ቶሎሳ አልተነቃነቀም።

«የማኅበሩንም ነገር፣» አለ አቶ ዳና፣ አሁን ድምፁ ቀጠነ፣ «ልጆቹ ተስማምተናል ካሉ እኔ በመሀል ግንብ አልገነባም። ይኸው አልኩ። ግቡ።»

ቶሎሳ ወይ ፍንክች!

ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ። አንዲት ሴት በአጥር ላይ «ምን ሆነው ነው?» ትላለች፣ ሌላዋ «እምቢ ብለው ነው፣ ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው» ትላለች። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አቶ ዳና ክራቫቱን ላላ አደረገ። እጁን ወደ ላይ ዘረጋና፣

«ሰጠሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ! በጌታ ስም፣ ግቡ!»

ጓዳ እልልታው ቀለጠ። እኔ ልዘል ምንም አልቀረኝ። ስንት ሰዓት ፈጀ ብትሉኝ ለኔ ግማሽ ቀን ነው፣ ገብረየስ ግን ሦስት ደቂቃ አይሞላም ይላል። ሦስት ደቂቃ፣ ሦስት ድል! «ቶሎሳ፣ ጀግናዬ፣ በቃ ሰጥቷል፣ ግባ» አልኩት በጆሮው።

ቆመ።

«ቶሎሳ፣ ሰጥቷል እኮ!»

«ታደሰ፣» አለኝ፣ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነው፣ «እግሬ እምቢ አለኝ እኮ ነው የምልህ። እኔ አይደለሁም። እግሬ ነው። መሬቱ ይዞኛል።»

ያኔ ወደ ታች አየሁ። ጫማዎቹ እዚያው ተጣብቀው ጉልበቱ ይርገፈገፋል፣ መሄድ ፈልጎ መሄድ እንዳቃተው መኪና፣ ማርሽ አልገባ እንዳለው። ወገቡን ያዝኩና ገፋ ላደርገው ስል ላዩ ወደ ፊት መጣ፣ እግሩ ቀረ። «አትግፋኝ፣ እወድቃለሁ!» አለ። ለካ ያ ሁሉ ምርቃት፣ ያ ሁሉ «መሶቡን ይባርክ»፣ እግሩ እስኪፈታ ጊዜ መግዣ ነው! ከብቱን የሚባርከው ሰው እንዳያውቅበት ነው!

አቶ ዳና ደግሞ ይህን አያውቅም። እሱ የሚያየው ልጁን ሰጥቶ፣ እልል ተብሎ፣ አሁንም አልገባም ብሎ የቆመ ሽማግሌ ነው። ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ።

«አሁን ደግሞ ምን ቀረ? ቤቱን ልስጣችሁ?»

ቶሎሳ ከደጁ አልተላወሰም።

«ልጄን ከሰጠሁ በኋላ ደጄን የማይረግጥ ሰው ንቆኝ ነው! ጎረቤት እያየ! ተሳለቃችሁብኝ ማለት ነው! እንግዲህ እኔም ቃሌን...»

ሊጨርሳት ነው። ቃሉን ሊያነሳ ነው። ሠላሳ ዓመት ለትራፊክ ስዋሽ የኖርኩ ሰው፣ የምዋሸው አጣሁ! ጓዳው ደጃፍ ላይ ምሕረት ትሪ ይዛ ወጥታ ቆማለች፣ ትሪው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንቃጨላል፣ እሷ ደግሞ ከፍርሃት።

ያኔ ከጥግ ባልቴቲቱ በወላይትኛ አንድ ነገር ጮኹ። አቶ ዳና አፉ እንደተከፈተ ቀረ። እሳቸው ምርኩዛቸውን ከጭናቸው አነሱና ወለሉ ላይ አንከባለሉት፣ ኳረረረ እያለ መጥቶ ልክ የቶሎሳ ጫማ ፊት በአግድሙ ቆመ። ከዚያ በአማርኛ፣ በዚያ በሚጣፍጥ አማርኛቸው፣

«አባቴ፣ በሩን አትይ። ዱላውን እይ። ወንዝ ነው በል፣ ተሻገር።»

ቶሎሳ ዱላውን አየ። እመኑኝ፣ ወንድሞቼ፣ አትመኑኝ፣ ያ የተቸነከረ እግር ከመሬት ብድግ አለ! ከፍ አድርጎ አንስቶ፣ እንደ ሽመላ፣ ዱላውን ተሻገረ። ተሻገረና ደግሞ ማቆም አቃተው! ጠብ ጠብ ጠብ ጠብ እያለ ሳሎኑን አቋርጦ ሶፋው ላይ ቧ ብሎ ወደቀ። ተቀመጠም አልል፣ ደረሰ ነው የምለው።

ማንም አልሳቀም። እኔ መሳቅ ፈልጌ ነበር፣ የአቶ ዳናን ፊት ሳየው ተውኩት።

«አባትህ እንዲሁ ነበረ» አሉ እናቱ።

አቶ ዳና ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ እንደ ፎርማን ሳይሆን እንደ ቀን ሠራተኛ። ከዚያ እሱ ራሱ ነገረን። አባቱ አገር ቤት ሳሉ ጸሎት ቤት በር ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ አይገቡም። ሰው ምን አለ? ጋኔን አለበት፣ ጋኔኑ ነው ጸሎት ቤት አልገባም የሚለው። ጾሙላቸው፣ ጸለዩላቸው፣ እጅ ጫኑባቸው፣ እሳቸው እንደሆነ በሩ ላይ ናቸው። «አንድ እሑድ፣» አለ አቶ ዳና፣ «ጉባኤው ሁሉ እያየን አፈርኩ። ወጣት ነበርኩ። ወይ ግባ ወይ ውጣ! ብዬ በክንዱ ጎተትኩት። በግንባሩ ወደቀ። ዱላውን እናቴ ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው፣ እንደ አጋጣሚ፣ ማገዶ ወድቆበት ሲሻገር አይታ። ለማን ትንገር? ጋኔን ነው ያለ ሰው ማገዶ ነው መድኃኒቱ ሲባል ይሰማል?»

ከዚያ ቀና አለና ቶሎሳን ጠየቀው፣

«ኦቦ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የቆሙት ለልጄ አልነበረም?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። እኔ ከኋላ ለቶሎሳ በዓይኔ «ለልጅቷ ነው በል! በል!» እያልኩ ነው። አንድ ቃል ነው የቀረችን። የረዳቴ ልጅ ትዳር በዚያች ቃል ላይ ናት። ቶሎሳ ግን ጤፍ ሲሸጥም አሸዋ የማይቀላቅል ሰው ነው፣ ምን ይደረግ!

«አልነበረም» አለ። «እግሬ ተይዞ ነው። እግሬ ቢታዘዘኝ ኖሮ ገና ይቅርታ ስትል ገብቼ ቁጭ እል ነበር፣ ያኔ ደግሞ ልጅህን አትሰጠንም ነበር። የሰጠኸው ለበሽታዬ ነው። መልሰህ ብትወስድ እኔ አልቀየምህም። እኔ የማፍረው ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው በር ላይ ዋቃን ውሸት መናገሬ ነው፣ የሌለ ከብት እያስባረክሁት።»

አቶ ዳና ተነሳ። ገብረየስ ፊት ሄዶ ቆመ።

«እርስዎስ? እጅዎ?»

ገብረየስ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሁለቱንም ከኪሱ አወጣቸው፣ እንደተያዘ ሌባ። «ጠብታ አልቀመስኩም» አለ። «ብርጭቆ ስይዝ ነው። ሱቄ ውስጥ ጨርቅ ስለካ ሜትሩ ይዘልብኛል። ሰው ሰካራም ከሚለኝ ብዬ ሻይ ቤት መግባት ትቻለሁ።»

አቶ ዳና ከምሕረት ትሪ ላይ አንድ ብርጭቆ ጁስ አነሳ። እስከ አፉ የሞላ። ለገብረየስ አልሰጠውም። በገዛ እጁ ይዞ፣ እንደ ሕፃን አጎንብሶለት አጠጣው። ገብረየስ ደግሞ ጢሙን ሳይነካ ጠጣ፣ ስንት ዓመቱ ነው ሸሚዙ ሳይካፈለው ሲጠጣ!

ከዚያ አቶ ዳና ወደ ልጁ ዞረ። «ምሕረት፣ እነዚህን ሰዎች ምሳ አቅርቢላቸው። ዘመዶችሽ ናቸው።» ወደኛም ዞሮ፣ «አባቴን ከበር ላይ ጎትቼ ጥያለሁ። ሁለተኛ በር ላይ የቆመ ሽማግሌ አልመልስም። በምንም ይቁም» አለ።

እኔ በላሁ። ምን ላድርግ? ክትፎው ደግሞ፣ ተዉት፣ ወላይታ ሥጋ ሲያውቅ!

ሠርጉ ተሠርጎ አልቋል፣ አንዳንዶቻችሁም በልታችኋል፣ አውቃለሁ ማን ሳይጠራ እንደመጣ። ከሠርጉ በኋላ አቶ ዳና ራሱ ሁለቱን ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው፣ እኔ ነዳሁ። የተቀመጥንበትን አግዳሚ ብታዩት! አንዱ እግሩን ይመታል፣ አንዷ አንገቷን ታወዛውዛለች፣ አንዱ ወረቀቱን ይዞ ወረቀቱ እንደ ባንዲራ ይርገበገባል። አግዳሚው ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ የአይሱዙዬ ጋቢና መሰለኝ። ሐኪሟ ልጅ ናት፣ ልጄ ትሆናለች። ቶሎሳን አስነስታ አስኬደችው፣ ገብረየስን ወረቀት ላይ ጠመዝማዛ መስመር አሣለችው፣ የሣለው ነገር የተጂ ጥርጊያ መንገድ መሰለ። «የኦቦ ሌላ ነው፣ የአቶ ገብረየስ ሌላ ነው፣ አንዱ የአንዱ አይደለም» አለች። «እርግማን ነው ወይስ ዘር?» አላት ገብረየስ። «አባባ፣ በእናንተ ዕድሜ ይሄ ብርቅ አይደለም። ብርቅ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ፣ እየደበቃችሁ» አለችው። ጤፍ ላይ እንደምትቆም ዶሮ ነው የገሠጸችን። ለሁለቱም ክኒን ሰጠች። የገብረየስ እጅ ጋብ ብሏል፣ ቶሎሳም በሩን ያልፋል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ከዋጠ።

ተመልሼ ለእነዚያ ለፈተንኳቸው አምስቱ ነገርኳቸው። «ሂዱ፣ ታዩ» አልኩ። ሁለቱ ሄዱ። ሁለቱ «እናስብበት» አሉ። ያ ሚያዝያ ላይ የበረደው አሁንም ብርድ ነው ይላል።

ታዲያ የቶሎሳን ነገር ሰምታችኋል? ያ ጎረቤት የቀረጸው ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ። «ልጅ ካልሰጡት በር የማይረግጠው ሽማግሌ» ተባለ! በሽታውን ማን ያውቃል፣ ሰው የሚያየው ጀግና ነው። አሁን ከሱሉልታ ሳይቀር እየመጡ «ኦቦ፣ ይሸምግሉልን» ይሉታል። እሱ ደግሞ እውነት መናገር አይተው! «እኔ እኮ ታማሚ ነኝ» ይላቸዋል። «ምንም አይደል፣ ይምጡልን» ይሉታል። ባለፈው አንዱ መጥቶ ሲለምነው ቶሎሳ ያንን የመታወቂያ ፎቶ ፊቱን ይዞ ምን ቢለው ጥሩ ነው፣

«የልጅቷ አባት ምን ዓይነት ሰው ነው? ለስላሳ ከሆነ ክኒኔን ውጬ እመጣለሁ። ደረቅ ከሆነ ሳልውጥ ልምጣ።»

ሚስቱ በጭልፋ ነው ያባረረችው። ሊለምን የመጣውም ሳይቀር ነው የተባረረው።

እና ፍርዴ ይሄ ነው፣ ከእኔ ከአሮጌው ሾፌር ውሰዱት። መኪና ሲያረጅ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ ማርሽ አልገባ ይላል፣ እናንተም ጋራዥ ወስዳችሁ ታሳዩታላችሁ። አባታችሁ ሲያደርገው ግን ወይ ጠጥቷል ትላላችሁ፣ ወይ ጋኔን፣ ወይ ደግሞ ቅዱስ ሆኗል። መኪናን ያህል እንኳን አታዝኑለትም። በሉ አሁን ውሃውን ክፈተው፣ ደንበኛ መጥቷል።

ማንም ውሃውን አልከፈተም። ጋሼ ታደሰ ሊነሱ ሲሉ ከመካከላችን ጎማ የሚጠግነው ቢንያም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የኔዋ አባት ኮዬ ፈጬ ነው ያሉት። አራተኛ ፎቅ። ሁለቴ መልሰውኛል። ኦቦ ቶሎሳ ደረጃ ይወጣሉ?»

«ደረጃማ እንደ ፍየል ነው የሚወጣው፣ እያንዳንዱ ደረጃ ለሱ እንደዚያ ዱላ ነው፣ ሐኪሟ ራሷ አይታለች» አሉት ጋሼ ታደሰ። «በሩ ላይ ነው ችግሩ።»

«እኛም የምንፈልገው እዚያ ጋ ነው» አለ ቢንያም።